በኮሪያ "ነፃ ስልክ" የሚከፈለው ከማን ኪስ ነው?

ሴኡል ውስጥ ከምድር ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ጥቂት ሳትራመዱ የስልክ ሱቅ ታገኛላችሁ። መስታወቱ በቀይና በቢጫ ወረቀት ተሸፍኗል። "ነፃ ስልክ" ይላል። አንዳንዱ ጭራሽ "ገንዘብ ጨምረን እንሰጣለን" ይላል። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡ ተማሪዎች ይህን ፎቶ እያነሱ ይልኩልኛል። "እህቴ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?" ይሉኛል።

እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምርጥ ቀፎ ያለ ምንም ክፍያ ይዞ የወጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ገንዘቡ ከሰማይ አይወርድም። የሆነ ሰው በየወሩ እየከፈለው ነው። እኔን ለዓመታት ሲያናድደኝ የኖረው ያ ሰው ማን መሆኑ ነው።

እዚህ ከተማ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ ቀርቻለሁ። አዲስ መጪ ይዞ ወደ ስልክ ሱቅ መሄድ የእኔ ድርሻ ሆኗል። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1988፣ ሴኡል ኦሊምፒክ ባዘጋጀችበት ዓመት ነው። የእጅ ስልክ አገልግሎት ያኔ ተከፈተ። በዚያ ዓመት የነበረው ደንበኛ 784 ነው። የሞቶሮላው ቀፎ 4 ሚሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ገደማ ያወጣ ነበር። ትንሽ መኪና ለመግዛት ብዙም የማይጎድለው ገንዘብ ነው። በ1996 ሲዲኤምኤ የሚባለው ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሥራ ጀመረ። በኦክቶበር 1997 ሦስት አዳዲስ ኩባንያዎች በአንዴ ገበያው ውስጥ ገቡ። ከነበሩት ሁለቱ ጋር አምስት ሆኑ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ኮሪያን መታት። መንግሥት ከአይኤምኤፍ ተበደረ። ብዙ ሰው ከሥራው ተፈናቀለ። የሞባይል ደንበኛ ቁጥር ግን በዚያ ክፉ ቀን ነው የተመነደገው። በ1998 ከ10 ሚሊዮን አለፈ። በ1999 ከ20 ሚሊዮን አለፈ፣ የቤት ስልክንም በለጠ። ኪሱ የተራቆተ ሕዝብ እንዴት ስልክ ገዛ? አልገዛም። አምስቱ ኩባንያዎች የቀፎውን ዋጋ ራሳቸው እየሸፈኑ ደንበኛ ይሻሙ ነበር። ኩባንያዎቹ ደሙ፣ ለቀፎ መሥሪያ ዕቃ ዶላር ወደ ውጭ ፈሰሰ። መንግሥትም በጁን 2000 የቀፎ ድጎማን ከለከለ። አምስቱም በመዋዋጥ ሦስት ሆኑ። ዛሬ ኤስኬ ቴሌኮም፣ ኬቲ እና ኤልጂ ዩፕላስ የምንላቸው እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። ከ2004 ጀምሮ ሰው ቁጥሩን እንደያዘ ኩባንያ መቀየር ቻለ። የድጎማው እገዳም በ2006 ላላ፣ በ2008 ጨርሶ ተነሳ። በ2010 ደግሞ የመስመሩ ብዛት 50 ሚሊዮን ደረሰ። የአገሩ ሕዝብ ብዛትም ያን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሁሉም ሰው ስልክ ካለው አዲስ ደንበኛ ከየት ይመጣል? ከጎረቤት ኩባንያ ነው የሚመጣው። ውሃው ያው ነው፣ ከአንዱ እንስራ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ኩባንያው በዜና ላይ "ይህን ያህል ደንበኛ አገኘሁ" ሲል፣ በአብዛኛው ከሌላው የወሰደውን ነው የሚቆጥረው። ሌላውም ነገ መልሶ ይወስዳል። ለዚህ ወዲህ ወዲያ የሚወጣው ገንዘብ ነው መስታወት ላይ "ነፃ ስልክ" ሆኖ የሚለጠፈው።

ለዚህ ነው የኮሪያ ስልክ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት ስለ ቀፎው ያልሆነው። "ቦንሆ ኢዶንግ ነው ወይስ ጊጊ ብዮንግዮንግ?" ይባላል። የመጀመሪያው ቁጥር ይዞ ኩባንያ መቀየር ነው። ሁለተኛው እዚያው ኩባንያ ሆኖ ቀፎ ብቻ ማሳደስ ነው። ያው ቀፎ፣ ያው ሱቅ፣ ያው ቀን ሆኖ የሁለቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቅበት ጊዜ አለ። የሚሄደው ይሸለማል። የሚቀረው ይከፍላል። ለሃያ ዓመት ሳያጓድል የከፈለ ሰው ትናንት ከመጣው ያነሰ የሚያገኝበት ንግድ ነው። እኔ ይህን ፍትሕ ነው ብዬ መቀበል አቅቶኛል።

ሽሚያው ጫፍ የደረሰው በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2014 ነው። ኮሪያውያን ሌሊቱን በቀኑ ቁጥር "የ211 ቀውጢ" ብለው ያስታውሱታል። ያኔ መንግሥት ያስቀመጠው የድጎማ ጣሪያ 270,000 ዎን ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ለአንድ ቀፎ ከአንድ ሚሊዮን ዎን በላይ ድጎማ ተለቀቀ። ወሬው በስልክ ተዛመተ። ሰው በክረምት ብርድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሱቅ በር ላይ ተሰለፈ። በማግስቱ ጠዋት ያው ስልክ በሙሉ ዋጋው ይሸጥ ነበር። ዜናውን ተኝቶ ያሳለፈው ሰው ምን አጠፋ? በቀጣዩ ወር መንግሥት ሦስቱንም ኩባንያዎች በየተራ አዲስ ደንበኛ እንዳይመዘግቡ ለ45 ለ45 ቀን አገዳቸው።

በኦክቶበር 1 ቀን 2014 የቀፎ ሽያጭ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ኩባንያው የሚሰጠውን ድጎማ በይፋ ያስታውቅ፣ ከ300,000 ዎን አይለፍ፣ ሱቁ በዚያ ላይ ከ15 በመቶ በላይ አይጨምር ተባለ። ሕጉ ወር እንደሞላው አይፎን 6 ገባና 789,800 ዎን የሚያወጣው ቀፎ በአንዳንድ ሱቅ በሌሊት ከ100,000 እስከ 200,000 ዎን ተቸበቸበ። ኩባንያዎቹ እያንዳንዳቸው 800 ሚሊዮን ዎን ተቀጡ።

ብዙ ኮሪያዊ ጓደኛ አለኝ፤ ይህን ሕግ ይጠሉታል። "ሁላችንንም እኩል በውድ እንድንገዛ አደረገን" ይላሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሕጉ አንድ ትልቅ ነገር ትቶልናል፤ የቀፎ ድጎማ ለማይወስድ ሰው የወርሃዊ ክፍያ ቅናሽ። በ12 በመቶ ተጀመረ፣ ወደ 20 አደገ፣ ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ 25 በመቶ ነው። ቀፎ ከውጭ ገዝታችሁ ብትመጡም ታገኙታላችሁ። ኮንትራታችሁ አልቆ በአሮጌው ስልካችሁ ብትቀጥሉም ታገኙታላችሁ። በሂሳብ እንየው። ወርሃዊ ክፍያው 80,000 ዎን ነው እንበል። ሩቡ 20,000 ነው። በ24 ወር 480,000 ዎን ይሆናል። ኩባንያው ለቀፎው 300,000 ዎን ድጎማ ሲያቀርብላችሁ የቱ እንደሚበልጥ አሁን ግልጽ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ይህን ስሌት የሚያሳያችሁ ሰው ብዙም አታገኙም።

አሁን ወደ ሺንዶሪም ልውሰዳችሁ። በምድር ባቡር 1ኛና 2ኛ መስመር ሺንዶሪም ጣቢያ ወርዳችሁ ቴክኖማርት የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ትገባላችሁ። ዘጠነኛው ፎቅ የስልክ ገበያ ነው። ትንንሽ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፣ በየጠረጴዛው ሻጭ አለ፣ እያንዳንዱ "እስከ ስንት አይታችሁ ነው የመጣችሁት?" እያለ ይጠራል። ባለፈው አንዲት አዲስ ተማሪ ይዤ ሄጄ ነበር። ቁጭ አልን። የምትፈልገውን ቀፎ ነገርነው። ሻጩ አንድም ዋጋ ከአፉ አላወጣም። ካልኩሌተሩን ወደ እኛ ገፋ፣ "ሌላ ቦታ የሰማችሁትን ጻፉ" የሚል ምልክት በእጁ ሰጠን። ጻፍን። አጠፋና የራሱን ጻፈ፦ 25።

"እህቴ፣ ለምንድን ነው የማያወራው?" አለችኝ በጆሮዬ።

በሕጉ ዘመን ከተፈቀደው በላይ መደጎም ያስቀጣ ነበር። የጠቆመ ሰው ሽልማት የሚያገኝበት አሠራርም ነበር። ሻጮቹ ድምፃቸው እንዳይቀዳ ይፈራሉ። ሕጉ በ2025 ከተነሳም በኋላ ልማዱ አለቀቃቸውም። 25 ማለት ደግሞ 250,000 ዎን ነው፤ ኮሪያውያን በአሥር ሺህ ነው የሚቆጥሩት። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካያችሁ እነሱ ናቸው ገንዘብ የሚሰጧችሁ።

ዋናው ነገር ከቁጥሩ በኋላ ነው የሚመጣው። "ይሄ ዋጋ በምን ሁኔታ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ቀስ እያለ ወጣ። ውዱን ወርሃዊ ጥቅል ስድስት ወር መያዝ አለባት። ሁለት ተጨማሪ አገልግሎቶች ለሦስት ወር ይገባሉ። አዲስ የባንክ ካርድ አውጥታ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ማጥፋት አለባት። ወረቀት ተቀብዬ ሁሉንም ደመርኩት። 25 ያለው ነገር ከዚያ በብዙ አለፈ። ተነሳን። ሻጩ አልተቆጣም። ለሚቀጥለው ደንበኛ ካልኩሌተሩን አጸዳ። እሷ ቀፎዋን ከሱቅ በጥሬ ገንዘብ ገዛች፣ መስመሩን "አልትልፎን" ከሚባሉት አወጣች። እነዚህ የራሳቸው አንቴና የሌላቸው፣ በሦስቱ ትልልቆች መስመር ላይ አገልግሎት የሚሸጡ ትንንሽ ኩባንያዎች ናቸው። ብዙዎቹ የኮንትራት ግዴታ የለባቸውም። ፖስታ ቤት ሳይቀር ይሸጣቸዋል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

አሁን ደግሞ ስለ ቤት አከራዬ ልንገራችሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሃልሞኒ እላቸዋለሁ፤ እኛ እማማ እንደምንለው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ኩባንያ ጋ ቆይተዋል። ባለፈው ዓመት ሠፈር ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ "ስልክዎ አርጅቷል፣ አዲሱን በነፃ እንቀይርልዎታለን" አላቸው። ፈረሙ። ከወራት በኋላ የክፍያ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እኔ ክፍል መጡ። "ልጄ፣ ይሄ ቁጥር ለምን ጨመረ?" አሉኝ።

መስመር በመስመር አነበብነው። ወርሃዊ ጥቅሉ ከ80,000 ዎን በላይ ነው። ሃልሞኒ የሚጠቀሙት ለልጆቻቸው መደወልና ካካኦቶክ በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ ማየት ነው። ከተሰጣቸው ኢንተርኔት ኢምንቷን እንኳ አልነኩም። ከሥሩ "የቀፎ ወርሃዊ ክፍያ" የሚል መስመር አለ። ነፃ ነው የተባለው ቀፎ በ24 ወር ተከፋፍሎ እዚያ ቁጭ ብሏል። ዝቅ ብሎ የ25 በመቶው ቅናሽ አለ። ሱቁ ያደረገው ይህን ነው። ማንም ሰው በሕግ የሚያገኘውን የወርሃዊ ክፍያ ቅናሽ ወሰደ፣ "ቀፎውን በነፃ ሰጠንዎት" ብሎ ቆጠረላቸው። አንዲት ዎን ከራሱ አልጨመረም። በቀፎው ብድር ላይ ደግሞ በዓመት 5.9 በመቶ ወለድ አለ። አንድ ሚሊዮን ዎን በ24 ወር ሲከፈል ወለዱ ብቻ ከ60,000 ዎን ያልፋል።

ከሃልሞኒ ስልክ ወደ 114፣ ወደ ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ደወልን። ውዱን ጥቅል የመያዝ ግዴታቸው አልቆ ነበር። ያንን የነገራቸው ግን አልነበረም። ለአረጋውያን ወዳለው ርካሽ ጥቅል አወረድናቸው። የቀፎው ብድር ግን እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። ያን ቀን በጣም ነው የተቆጣሁት። እዚያው ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት በሌሊት ሱቅ ተጠቋቁሞ ገንዘብ ጨምረውለት አይፎን ይዞ ይሄዳል። ሃልሞኒና ሃልሞኒን የመሰሉ ሚሊዮኖች በማይጠቀሙበት ጥቅል ያንን ይሸፍናሉ። በዕድሜና በመረጃ የደከመው ነው ለጮሌው የሚከፍለው።

በ2019 የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ሲመጣም ያው ነበር። ኮሪያ አሜሪካን ለመቅደም በአፕሪል 3 ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በጥድፊያ ከፈተችው። ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ የበረዶ ሸርተቴ ሻምፒዮኗ ኪም ዩና ነበረች። በ69 ቀን አንድ ሚሊዮን ደንበኛ ተመዘገበ። ፍጥነቱን የገፋው ድጎማው ነው። ሰው ስልኩን ይዞ ቤቱ ሲገባ ኔትወርኩ ይጠፋ ነበር፣ ውዱ ክፍያ ግን አይጠፋም።

ወደ 2025 ልምጣ። በአፕሪል የኤስኬ ቴሌኮም ሲስተም ተሰብሮ የ23 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች የሲም መረጃ መውጣቱ ታወቀ። ሲም ለመቀየር በየሱቁ የነበረውን ሰልፍ አልረሳውም፣ ሽማግሌዎች ቆመው ሲውሉ አይቻለሁ። ኩባንያው ከሜይ 5 እስከ ጁን 24 አዲስ ደንበኛ እንዳይመዘግብ ታገደ። በጁላይ ኮንትራት ማፍረሻ ቅጣቱን አነሳ። ለዓመታት ከ40 በመቶ ወርዶ የማያውቀው የገበያ ድርሻው ወረደ። ሌሎቹ ሁለቱ ድጎማ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር።

በዚያው ጁላይ 22 የ2014ቱ ሕግ ተሻረ። የ15 በመቶው ጣሪያ ቀረ፣ ሱቅ የፈለገውን ያህል መጨመር ይችላል። ጥሩው ነገር የ25 በመቶ ቅናሹ አልተነካም። እንዲያውም ከሱቁ ተጨማሪ ድጎማ ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል፣ ድሮ አይቻልም ነበር። ደንበኛን በሚኖርበት ቦታ፣ በዕድሜው ወይም በአካል ሁኔታው ማበላለጥም አሁንም ክልክል ነው። ጥሩ ነው። ግን ለረጅም ጊዜ የቆየ ደንበኛ ከአዲሱ አይነስ የሚል አንቀጽ የለም። እኔ ሕግ አውጪ ብሆን መጀመሪያ የማስገባው ያንን ነበር።

በነገራችን ላይ የደንበኛ ቁጥር ሲያድግ በዜና ብትሰሙ ሰው አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ዛሬ በኮሪያ ከሰው የበለጠ መስመር አለ። መኪናውም ቆጣሪውም ሲም አለው። በ2023 ኤልጂ ዩፕላስ በመስመር ብዛት ኬቲን ሲበልጥ ያሳደገው እንዲህ ዓይነቱ የዕቃ መስመር ነው። መኪና ደግሞ ነፃ ስልክ አይጠይቅም።

አዲስ ለምትመጡ አንድ የእኛን ጉዳይ ልጨምር። የነዋሪነት መታወቂያችሁ እስኪደርስ በፓስፖርት ቅድመ ክፍያ ሲም አውጡ። መታወቂያው ሲመጣ መስመሩን በስማችሁ አስመዝግቡ፣ ምክንያቱም በዚህ አገር ባንክም፣ የሆስፒታል ቀጠሮም፣ ምግብ ማዘዝም ማንነታችሁን የሚያረጋግጠው በስልክ ቁጥር ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ሻጩ ሦስቱን አጣብቆ ወይም አያትን አስቀድሞ ሊጽፍ ይችላል። አንዲት ክፍተት ከመታወቂያው ከተለየች ማረጋገጫው አይሠራም። ስክሪኑን አዙሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ኮንትራቱ ላይ ሦስት ቁጥር ፈልጉ፦ የቀፎው ሙሉ ዋጋና በየወሩ የሚቆረጠው፣ ጥቅሉን ስንት ወር መያዝ እንዳለባችሁ፣ ቀድሞ ቢቋረጥ የሚመለሰው ገንዘብ። የቪዛችሁ ቀን ከ24 ወር ካነሰ የብድሩ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ያጥራል። ሻጩ በቃል የነገራችሁን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ያስፍር፤ የድጎማው ሁኔታ በኮንትራቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ አሁን ያለው ሕግ ያስገድደዋል። አልጽፍም ካለ ተነሱ፣ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ሁለት እርምጃ ነው። ኮሪያኛው ከከበዳችሁ ሳትፈርሙ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ አነበዋለሁ።